ኮትዎ ስለሚቀመጥበት ወንበር

ይድረስ ለተከበሩ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ለአቶ ወገኔ
እንጅባራ

እንደምን ከርመዋል? በሚውሉበት ስብሰባ ሁሉ ወገብዎ ሳይያዝ፣ አንገትዎ ሳይደርቅ በሰላም ይክረሙ ዘንድ እመኛለሁ። ኮትዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው። ከመስከረም ጀምሮ በአዲሱ ወንበርዎ መደገፊያ ላይ እንደተንጠለጠለ አለ፤ ባለጉዳይ ሁሉ እሱን እያየ አሁን ይመለሳሉ ብሎ ኮሪደር ላይ ይጠብቅዎታል። በዚህ በእንጅባራ ብርድ ያለ ኮት መዋልዎ ግን ያሳስበኛል።

እኔ ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት ተቀምጬ ስምንት ዓመት ደብዳቤዎን የምተይብ ጸሐፊዎ የሻረግ ነኝ። መልኬን ቢዘነጉት አይፈረድብዎትም፤ ሲያልፉ የሚያዩት የጎበጠ ጀርባዬን ነው። በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩትም በደንቡ መሠረት የጻፍኳቸው ሦስት ማመልከቻዎች የት እንዳሉ ስለማውቅ ነው፤ መዝገብ ቤት ያስገባኋቸው እኔው ነኝ።

አንደኛ፣ በኅዳር ወር ጥርባ ሐይቅ አካባቢ የቢሮ ሠራተኛን ከጉዳት ስለሚጠብቅ አቀማመጥ ለተሰጠው የሁለት ቀን ሥልጠና ምስጋናዬ ይድረስዎ። የተካፈሉት ኃላፊዎች ብቻ ቢሆኑም፣ አርባ ገጹን ሰነድ የተየብኩት እኔ ስለሆንኩ ትምህርቱ አልቀረብኝም። ስክሪኑ ከዓይን ትክክል ይሁን፣ ክርን ይደገፍ፣ እግር መሬት ይርገጥ፣ በየግማሽ ሰዓቱም ተነስቶ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል ይላል። ይህን ሁሉ የጻፍኩት አንድ እግሩ በተሰነጠቀ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሆኜ ሲሆን፣ መነሳቱን እንኳ ወንበሩ ራሱ በየአሥር ደቂቃው ያስታውሰኛል።

ሁለተኛ፣ ስክሪኔ ከፍ እንዲልልኝ ያለፉትን አራት ዓመታት ዕቅዶች ከሥሩ ደርድሬ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ዕቅዶቹ ሥራ ላይ ሲውሉ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የንብረት ክፍሉ አቶ ይሄነው ግን ሰነድ ላልተፈቀደ ዓላማ ማዋል ነው ብለው ወሰዷቸው፤ አንገቴም ወደ ማቀርቀሩ ተመለሰ።

ሦስተኛው ላይ ቀልዱ ይቅርብኝ። የቀኝ እጄ ሦስት ጣቶች ከጥር ጀምሮ ይደነዝዛሉ። ብርጭቆ ያመልጠኛል፤ የልጄን የፋናን ሹሩባ መሥራት አቅቶኝ ጎረቤት እልካታለሁ። ሐኪሙ አቀማመጤ ካልተስተካከለ እጄ ከጥቅም ውጭ ሊሆን እንደሚችል ጽፎ ሰጥቶኛል። እንጀራዬ በዚህ እጅ ነውና ፈርቻለሁ። የሐኪሙን ወረቀት አያይዤ ወንበር ብጠይቅ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ለደረጃዬ እንደማይፈቀድ ተወሰነ። የውሳኔውን ደብዳቤ እንድተይብም ለእኔው ተመራልኝ። ሁለት ግድፈት አርሜ፣ ጥያቄዬን ያልተቀበልኩት መሆኑን ለራሴ በአክብሮት ገልጬ፣ ፈርሜ ተረክቤአለሁ።

ስለዚህ የምለምንዎት ለኮትዎ ግድግዳው ላይ አንድ ሚስማር ተመትቶለት ወንበሩ ለእኔ እንዲሰጠኝ ነው። ሚስማሩን ከቤቴ አመጣለሁ።

ቀድሞ ስለጎበጠ እጅ ለመንሣት ብዙም ዝቅ ማለት በማያስፈልገው ወገብ ከቀረበ ታላቅ አክብሮት ጋር፣

የሻረግ ዓለምነው
የጽሕፈት ቤትዎ ጸሐፊ

ግልባጭ
ለንብረት ክፍል
ለኮትዎ

ያልተጻፈ እንዳይቀር፦ ይህን ደብዳቤ የተየብኩት ወንበርዎ ላይ ተቀምጬ ነው። ጠዋት ኮትዎን አንስቼ በክብር ወደ ፕላስቲኩ ወንበር አዛውሬዋለሁ። ጣቶቼ እስከዚህ መስመር ድረስ አልደነዘዙም። ኮቱን ግን ከሰዓት በኋላ ባየው ትከሻው ወርዶ፣ ወገቡ ተጨማዶ አገኘሁት። መደገፊያ ያለው ወንበር እንዲሰጠው ማመልከት ከፈለገ እኔ እተይብለታለሁ፤ ለእሱ ደረጃ እንደሚፈቀድ አልጠራጠርም።