ነጩ አቡጀዲ

ጅዳ ላለኸው ወንድሜ ሙሐመድያሲን፤ አሰላሙ ዓለይኩም። እኛ ሞጣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

የአባባ የዓይን ሞራ ተገፈፈ። ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ የዓይናችን ሌንስ መሐሉ በእናት ማህፀን የተሠራ ነው፤ እስክንሞት አይለወጥም። የተበላሸውን ፕሮቲን እየቆራረጡ የሚያጠሩለት ኢንዛይሞች አሉ፤ እነሱ ሲደክሙ ሌንሱ ይደፈርሳል። ሱብሓነላህ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሳናውቃቸው ሲያጸዱልን ኖረዋል።

አባባ ጨርቅ ሱቃችን እንደገቡ አቡጀዲውን ዳሰስ አድርገው፣ «እንዲህ ነጭ ነበር እንዴ?» አሉ። ቀጥለው፣ «ዘይዳ፣ ሰማያዊውን ጨርቅ ከጥቁሩ ጋር ለምን ደረደርሽው?» አሉኝ። ሱቁ ስለሚጨልም ነው አልኳቸው። ወለል ብሎ የተከፈተውን በር አይተው፣ አገጬን ቀና አድርገው ዓይኔን ትኩር ብለው ተመለከቱ።

ፊደሉን ያተለቅሁት ለአንተ እንዲመችህ ነው። አላህ ዓይን ለዓይን ለመተያየት ያብቃን፤ ብቻ አትቆይ።

እህትህ ዘይዳ