የቀረው ስምንት ኪሎ

ደሴ፣ ሸዋ በር

እህቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱሁ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ይይዝሻል? የክፍልሽ ማቀዝቀዣስ ተሠራ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዘንድሮ ብርዱ ጠንክሯል፤ የጦሳ ተራራ ከነጭጋጉ ነው የሚውለው። ወንድማችን መሕሙድ ሱቁን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ በመሀል ይቆጣል። እኔም እበላለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ እተኛለሁ። ልጇ የሞተባት እናት የምትሆነውን ሆኜ አለሁ።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ከስሜ ሌላ ብዙ ጽፌ አላውቅም፤ እያንዳንዱን ቃል እያሰብኩ ነው የማስቀምጠው። ግን በስልክ ስጠይቅሽ ኔትወርክ ይቆረጥብሻል። ስለ በርበሬና ስለ ሠርግ ስናወራ ደህና የነበረው ስልክ፣ የልጄን የኢንሻራህን ስም ሳነሳ ይቆረጣል። ወረቀት አይቆረጥም። ለእረፍት የመጣችው ከይሪያ ወደ ጅዳ ስትመለስ ይዛልሽ ትመጣለች፤ ኪሎም አይሞላባትም።

ነገሬም ስለ ኪሎ ነው።

ልጄን ጅዳ ላይ በዕለቱ ቀበራችኋት። ጀናዛዋን አላየሁም። ለእኔ የደረሰኝ ሻንጣ ነው። ከይሪያ ለእረፍት ስትመጣ የራሷን ዕቃ ትታ የልጄን ሁለት ሻንጣ ይዛልኝ መጣች፤ አሏህ ውለታዋን ይክፈላት። እኔና መሕሙድ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ወርደን ተቀበልናት። አንቺ በድምፅ የላክሽውን መልእክት እዚያው በሩ ላይ አሰማችኝ። አየር መንገዱ የሚፈቅደው ሁለት ሻንጣ ነው፣ አንዱ ከሃያ ሦስት ኪሎ ማለፍ የለበትም፣ ኪሎ ስለሞላ የቀረ ነገር አለ ብለሽ፣ "እሱን እርሺው" አልሽኝ። የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ እስክንገባ ያቺ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበረች።

ቤት ስገባ ሻንጣዎቹን ከመክፈቴ በፊት ከመሕሙድ ሱቅ የእህሉን ሚዛን አስመጣሁ። "ሴትዮ፣ የሟች ዕቃ ይመዘናል እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ፤ ወዲያው ደግሞ በሳቁ አፈረ። አንዱ ሻንጣ ልክ ሃያ ሦስት ሆነ። ሁለተኛው አሥራ አምስት። መሕሙድን ደግመህ መዝን አልኩት፤ ያው አሥራ አምስት። ስምንት ኪሎ ባዶ ቦታ ይዞ ነው የመጣው። ታዲያ እህቴ፣ የሞላው ምኑ ነው?

ወርቅ አስቀረሽ ብዬ አላሰብኩም። የሰው ሐቅ እንደማትነኪ አውቃለሁ፤ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። ስለዚህም ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

እናታችን እንዳስተማረችን የሟች ልብስ ለሰደቃ የሚሰጠው ታጥቦ፣ የተቀደደው ተጠግኖ ነው። ቀሚሶቿን አንድ በአንድ እያገላበጥኩ አየሁ። ሦስቱ ደረታቸው ላይ ተተርትረው ቁልፍ ገብቶላቸዋል። ኢንሻራህ ቁልፍ ያለው ልብስ አትወድም ነበር፤ በልጅነቷ እያለቀሰች ነበር የምትለብሰው። ስፌቱ ግን የራሷ ነው። ያስተማርኳት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ፤ ክሩን ሁለቴ አዙራ ነው የምትቋጨው። ጎናቸውም ሰፍቶ ነበር፣ ቆይቶ ደግሞ መልሶ ጠቧል። እኔ አራት ልጅ ወልጃለሁ እህቴ። ቀሚስ ለምን ደረቱ ላይ እንደሚከፈት የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። ሌላውን ሁሉ ለሰደቃ ሰጠሁ፤ እነዚያን ሦስቱን አጣጥፌ አስቀመጥኩ።

ከይሪያን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት። "ስምንት ኪሎ ቦታ እያለ ምን አስቀራችሁ?" አልኳት። ነጠላዋን በጣቷ ስትጠቀልል ቆየችና፣ "እማማ፣ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ አይደለም" አለችኝ። አስምለሻት ይሆናል፤ መሐላዋን ላስፈርሳት አልፈለግኩም። ደህና ነው ወይ ብቻ ብዬ ጠየቅኳት። አዎ አለችኝ። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

መሕሙድ ግን አሏህ የሸፈነውን አትግለጪ አለኝ። ኢንሻራህ አርፋለች፣ ስሟ ንጹሕ ነው፣ ሰፈሩ በደግ ያነሳታል፣ አንቺ ምን ልታመጪብን ነው እያለ ሱቁ በር ላይ ተቆጣኝ። ደንበኛ ቆሞ ነበር፤ እኔም ደንበኛው እየሰማ መለስኩለት። "አሏህ የሚሸፍነው እንዲሞቀው ነው። እናንተ የምትሸፍኑት እንዲታፈን ነው" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ብቻ ነው የሚሰጠኝ። ይበቃኛል።

ኒካህ ነበራት አልነበራትም ብዬ አንቺን አልጠይቅም። ያን የሚያውቀው አሏህ ነው፤ እሷም አሁን እሱ ዘንድ ናት። በሰው አገር ፈርተሽ እንደነበረም ይገባኛል፤ የሚያስፈራ ነገር ነው፣ በመፍራትሽ አልፈርድብሽም። የማዝንብሽ "እርሺው" በማለትሽ ነው። እኔ እናት ነኝ፤ ምኑን ነው የምረሳው?

ስለዚህ ልመጣ ነው። በሚቀጥለው ወር ከሚሄዱት ሴቶች ጋር ለዑምራ ተመዝግቤያለሁ። አሁን አትምጪ፣ ቆዪ፣ ሙቀቱ ይለፍ ብትይኝ አልሰማሽም። ሰፈሩ ሁሉ ከአሁኑ የዘምዘም ውኃ አምጪልን እያለኝ ነው።

ፒያሳ ያለው የቲኬት ቢሮም ሄጄ ነበር። የምታስተናግደው ልጅ ሰርክአዲስ ትባላለች፣ ትዕግሥቷ ይገርማል። የሻንጣው ርዝመት፣ ወርዱና ቁመቱ ተደምሮ ከመቶ ሃምሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር እንዳያልፍ፣ ክብደቱም አንቺ ያልሽው ሃያ ሦስት እንደሆነ፣ ዘምዘም ደግሞ ለብቻው እንደሚታይ አስረዳችኝ። የምይዘው የኢንሻራህን ሻንጣዎች ነው፤ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክቻቸዋለሁ፣ አያልፉም። ደጋግሜ ስጠይቃት ጊዜ ልጅቷ፣ እማማ ሲመለሱ ምን ሊጭኑ ነው እንዲህ የሚጨነቁት አለችኝ።

"ጭን ላይ የሚያዝስ ስንት ኪሎ ይፈቀዳል?" አልኳት።

ሳቀች። "እሱማ አይመዘንም እማማ። እንዲያውም የራሱ ትንሽ ሻንጣ ይፈቀድለታል" አለችኝ።

ሰማሽ እህቴ? አይመዘንም። ከእንግዲህ ኪሎ የሚባል ምክንያት የለሽም።

ቆንስላው የሚጠይቀውን ወረቀት ከአሁኑ ጀምሪ። ልጄ ያወጣችለት ስም ካለ እሱው ይሁን፣ ፊደሉንም አትለውጪ። ቀጥሎ የአባት ስም ሲሉሽ የኢንሻራህን አባት ስም ስጫቸው። እሱ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ራሱ ይህንኑ ያደርግ ነበር።

ስመጣ በአንዱ ሻንጣ በሶና በርበሬ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ተቀይሜሻለሁ ብዬ አላስርብሽም። በሌላው ውስጥ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከቁምሳጥኑ ጀርባ ተሰቅሎ የነበረውን ቆዳ አውርጄ ቅቤ ቀባሁት፤ ለስልሷል። ዛጎሉ ጥቂት ረግፎ ነበር፣ መልሼ ሰፋሁት። ሳታስታውሺው አትቀሪም። ኢንሻራህን ያዘልኩበት ነው፤ ከእሷ በፊት ደግሞ አንቺን፣ እናታችን ገበያ ስትሄድ። አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም።

መሕሙድ በማኩረፉ መሀል አንድ ምክር ልኮልኛል፤ ስትመለሺ ኮምቦልቻ ቆይተሽ ሲመሻሽ ግቢ ይለኛል። እኔ የምገባው በቀትር ነው። ፒያሳ ላይ ከመኪና ወርጄ እስከ ሸዋ በር በእግሬ እሄዳለሁ፤ ጀርባዬንም ማየት የፈለገ ሁሉ ይየው። ዘምዘም ይዘሽልን መጣሽ ወይ ለሚለኝ፣ የልጄን የቀረ ዕቃ ይዤ መጣሁ እለዋለሁ።

በይ እህቴ፣ ክፉ አይንካሽ። እስክደርስ ድረስ አሏህ በቤትሽ ያለውን ሁሉ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ በአማናው ይጠብቅልኝ። ስለ ወገብሽም አብሽሪ። ለምን እንደሚያምሽ አሁን ገብቶኛል። እኔ ስመጣ አውርጂልኝ፣ ታርፊያለሽ።

ታላቅ እህትሽ፣
የኢንሻራህ እናት