በእሹሩሩ ስለሚነገረው መርዶ

ለተከበሩ የሬዲዮ ጣቢያችን የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ፣ ስለ ቤተሰብዎ፣ በተለይም የሕዝብ ሀብት ስለሆኑት ሁለት ጆሮዎችዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኔ ከወንድሜ ጋር፣ እሱ በሳክስፎን እኔ በድምፅ፣ የባላገር ዜማን ከጃዝ ያጋባንበትን የመጀመሪያ አልበማችንን ይዤ ቢሮዎ የመጣሁት ሴት ነኝ። ባያስታውሱኝ አልቀየምም፤ ያን ዕለትም ቀና ብለው አላዩኝም።

አልበማችን ዝግ ያለ ነው። ከበሮ የለው፣ ጩኸት የለው፤ የቀዳነውም በእናታችን ሳሎን፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን ነው። ሦስተኛው ዘፈን እናታችን እኛን ስታስተኛ ታንጎራጉረው የነበረው የራሷ እሹሩሩ ነው። ኮሚቴዎ፣ ጠርሙስ የከፈተ ይመስል፣ «ለስላሳ ነው፤ ለማጀቢያ ይሁን» ብሎ ሲወስን፣ ምን እንደምናጅብ ሳንጠይቅ እጅ ነሥተን ወጣን። ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ የሚከተለውን እንደ አቤቱታ ሳይሆን እንደ ምስጋና ይቁጠሩልኝ።

፩. እሹሩሩው መጀመሪያ አየር ላይ የዋለ ቀን እናታችን ሬዲዮውን እስከ ጥግ ከፍታ፣ በርና መስኮቱን በርግዳ፣ እልልታዋን አቀለጠችው። እልልታው ሳያባራ የሞት ማስታወቂያ አንባቢዎ በወንድሜ ሳክስፎን ላይ ድምፁን አለስልሶ፣ ሐኪም ቤት ተኝቶ የነበረው የፊት ለፊት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ማረፉን አረዳን። ሚስቱ ከሐኪም ቤት ስትመለስ ሰፈርተኛው በባሏ ሞት እልል ማለታችንን ነግሮ ጠበቃት። እስከ ዛሬ ስታየን ፊቷን ታዞራለች፤ ጉርብትናችንን ስላጠናከሩልን እናመሰግናለን።

፪. ከዚያ ወዲህ ያ ዜማ በተሰማ ቁጥር ሰው «ደግሞ ማን ሞተ?» ማለት ለመደ። እሑድ እሑድ የምንጫወትበት ሆቴል ሥራ አስኪያጅ፣ ወንድሜ መንፋት ሲጀምር እንግዶቹ ሹካቸውን እያስቀመጡ ወደየቤታቸው መደወል ስላበዙ፣ በትሕትና አሰናበተን። ሠርግማ አይነሣ፤ ሟርተኛን ማን በድግሱ ይጠራል? ታዋቂ መሆን ፈልገን ነበር፤ አደረጉን።

፫. ዘፈኑ በሳክስፎን ይጀምርና የእኔ ድምፅ ዘግየት ብሎ ይገባል። ማስታወቂያው ከዚያ በፊት ስለሚያልቅ እዚያው ትቆርጡታላችሁ። ስለዚህ አገር የሚያውቀውን ዘፈን ዘፍኜ ማንም ድምፄን ያልሰማኝ ዘፋኝ ለመሆን በቅቻለሁ።

፬. ወንድሜ ሳንባውን ታሞ ዐረፈ። ማስታወቂያውን እኔው ጽፌ አመጣሁ፤ «የሳክስፎን ተጫዋች» ያልኩትን ግን ለሰዓት ቁጠባ ሰርዛችሁ «በግል ሥራ ይተዳደር የነበረ» አላችሁት። ይህን ስታነቡ ከሥር የሚነፋው እሱ ነበር። የገዛ መርዶውን አጀበ፤ አንባቢውን እንዳይጫነውም ድምፁን ዝቅ አደረጋችሁበት። አፈር ሲለብስ የቻልኩትን ያህል ይህን አልቻልኩም። ላያስችል አይሰጥም ይባላል፤ ይህን ያለው ሰው ሬዲዮ አልነበረውም መሰለኝ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። እናታችን አልጋ ይዛለች፤ ሬዲዮውን ከትራስጌዋ አታስነሳም። ሳክስፎኑ ሲጀምር ዓይኗን ትገልጣለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የእሷ ግጥም ጋ ሊደርስ ሲል የማታውቀው ሰው ሞት ይነገራታል። ቤት ያለውን ላጫውትላት ስል «ይሄማ ለእኛው ነው፤ እስቲ ሰው ይስማለት» ትለኛለች። ስለዚህ እሷ በሕይወት ሳለች፣ ሬሳ በሌለበት ሰዓት፣ አንድ ቀን ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ያሰሙልን፤ የተጫወተውንም ሰው ስሙን ይጥሩለት። ሌላ አንፈልግም።

የኮሚቴዎን ውሳኔ በየዕለቱ በጆሮዬ የምቀበል፣ ውለታዎን ከልቅሶ ቤት ልቅሶ ቤት ይዤ የምዞር፣ ታዛዥዎ፣
የሟች እኅት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ አሽጌ ልልክ ስል እናታችን ዐረፈች፤ ስለዚህ ከላይ የለመንኩትን ይተዉት። የእሷን ማስታወቂያ ወደ ጣቢያዎ አላመጣሁም፤ ሰው በአፍ ተጠራርቶ ቀበራት። ለእርስዎ ግን፣ ቀኑን ያርቅልዎና፣ እሹሩሩውን እስከ መጨረሻው ፈቅጃለሁ፤ የእኔ ድምፅ የሚገባበት ጋ ሲደርስ ራሴ መጥቼ እዘፍንልዎታለሁ።