ዘይት የተቀቡት የሐር ትሎች

ውድ አጎቴ፣

«ውድ» ያልኩህ እህትህ ደህና አድርጋ ስላሳደገችኝ ነው እንጂ ሌላ የምጠራህ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ አለ።

ሠራተኞቹ ፊት «ትሎቹን የፈጀቻቸው ይቺ ምሩቅ ናት፤ ሻንጣዋን ትሸክፍ!» ብለህ፣ ሐሩን ሊገዛን ወደነበረው ነጋዴ መኪናህን አስነስተህ ሄድክ። መልስ እንኳ አልጠበቅክም። መልሴ ይኸው።

የሐር ትል በአፉ አይተነፍስም ብዬህ ነበር። በጎንና በጎኑ የተደረደሩት ጥቋቁር ነጥቦች ቀዳዳዎች ናቸው፤ አየር በእነሱ ገብቶ በቀጫጭን ቱቦዎች ለመላ ሰውነቱ ይዳረሳል። ሳንባ የሚባል ነገር የለውም። አጉሊ መነጽሬን ዘርግቼ «ና እየው» ስልህ፣ «አፍንጫ የሌለው ነገር በምኑ ይታፈናል? ዶክተሯ፣ ይልቅ ቅጠሉን አቅርቢ!» ብለህ አሳቅክብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ሳቅ ነው።

ከዚያ ትሎቹን የሚበላ ጉንዳን መጣ። ጉንዳኑ እንዳይወጣ፣ ትሎቹ ያሉበት መደርደሪያ እግር ላይ ብቻ ዘይት ቀባ አልኩህ። አንተ ግን ዕድሜህን ሙሉ ሞተር ስትፈታ የኖርክ መካኒክ፣ ዘይት ያልነካው ነገር ጤነኛ አይመስልህም። ጠዋት ስገባ ትሎቹ ራሳቸው ያብረቀርቃሉ! በቀለም ብሩሽ አንድ በአንድ ቀብተሃቸዋል።

«ምን አድርገህ ነው?» ስልህ፣

«ዘይት ደግሞ ማንን ገድሎ ያውቃል?» አልከኝ።

እስከ ምሳ ሰዓት የሚንቀሳቀስ ጠፋ። ቀዳዳዎቻቸውን ደፍነህ አፈንካቸው፣ አጎቴ። ቅጠል ለቃሚዋ እትዬ አንዱን መዳፏ ላይ አድርጋ «ውይ፣ ልፋቴ!» ብላ አለቀሰች።

አለማወቅህን ይቅር ብዬሃለሁ። ጥፋትህን እኔ ላይ ለጥፈህ መሄድህን ግን አልችለውም። ገና ሥራዬን ሳልጀምር፣ የትም ሄጄ ሥራ ብጠይቅ «የአጎቷን ትሎች የጨረሰችው» ልባል? አንተ ከሄድክ በኋላ እትዬ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ዝም ካልሽ በቃ፣ ስምሽ ይኸው ሆኖ ይቀራል» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ስለዚህ ሻንጣዬን አልሸከፍኩም። መደርደሪያውን አጥቤ አድርቄያለሁ። ከተማርኩበት ኮሌጅ ለምኜ ያመጣኋቸው፣ ሊፈለፈሉ የደረሱ እንቁላሎች ተፈልፍለዋል፤ እንደ ክር የቀጠኑ ናቸው፣ ግን ይበላሉ። የትሎቹንም ቤት ቁልፍ ቀይሬዋለሁ።

ስትመለስ አንኳኳ። ሠራተኞቹን እጠራቸዋለሁ፤ ማን እንደቀባቸው በራስህ አፍ ትነግራቸዋለህ። ያኔ እከፍትልሃለሁ፤ እጅህን ታጥበህ ትገባለህ።

በሩን ዘግታ የምትጠብቅህ፣
የእህትህ ልጅ