ስለ ቆረጥሽው ቀለበት

ይድረስ ለልጄ። አምላክ ጤናሽን ይስጥሽ፣ እጅሽን ይባርክልሽ። እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ተሽሏታል። ብየዳ ቤቱን አልዘጋሁም፤ ዝጋ የሚለኝ ሁሉ ይለፋ።

ከዛፉ ሥር የሚወጣውን መድኃኒት አቅልለሽ በቤተ ሙከራ ልትሠሪው ስትይ ከቅንጣቱ ቅርጽ አንዱን ቀለበት ብትቆርጪ መድኃኒቱ መሥራት አቆመ፣ ልተወው ነው ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔም የላክሽውን የቅንጣቱን ሥዕል እንዳለ በሽቦ በየድኩት፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እናትሽ «የሰው በር አስቀምጦ መድኃኒት ይበይዳል! አሁንስ ለይቶልሃል» አለች። ቀለበቱን በመጋዝ ቆርጬ ሳወጣው ግን ከግራና ቀኙ የተዘረጉት ሁለት ክንዶች እንደ ሰካራም ተወላገዱ! ጮኼ እናትሽን ጠራኋት።

ልጄ፣ በር ስሠራ ከማዕዘን ማዕዘን ሰያፍ ብረት አስገባለሁ። ብረቱ ቁልፉን አይነካም፤ ከወጣ ግን በሩ ይጣመምና ቁልፉ አልገጥም ይላል። ያንቺም ቀለበት በሽታውን የሚነኩትን ክንዶች ቀጥ አድርጎ ሲይዝ ኖሯል! ትልቁን ቀለበት አትመልሺው፤ በቦታው አጭር ድጋፍ አስገቢ። እኔ ጣት የማታክል ሽቦ በየድኩበት፤ ንቅንቅ አላለም!

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ያንቺ ነገር ከብረት የሚለይበትን አንቺ ታውቂያለሽ። ሳትሞክሪው መተው ግን አልፈቅድልሽም። በሽተኛው ብዙ፣ ዛፉ ጥቂት ነው ያልሽኝ አንቺው ነሽ።

የጀመርሽውን ያስጨርስሽ፤ ከደግ ሰው ያውልሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ከተሳሳትኩ አባቴ ነው ብለሽ አታባብይኝ። የቱ ጋ እንደሳትኩ ሥለሽ ላኪልኝ፤ እንደገና እበይደዋለሁ።

አባትሽ