ስድስተኛው ተቀያሪ

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 27

ዝናብ። የቡድኑ ማልያ አልደረቀም፤ ወጥ ቤቴ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ተሰጥቶበታል። ሱቄ መኖ ሊገዛ የመጣ ሁሉ የሚያወራው ስለ ነገ ብቻ። የእኛ ድሩምካራ ከወንዝ ማዶው ክሎንራ፣ የአውራጃው የጌሊክ እግር ኳስ ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ። እኛ ፍጻሜ ከደረስን ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነን።

ሎርካን ዛሬም መጣ። ሰማንያ ዓመቱ ነው፤ የሚመጣው ሊገዛ ሳይሆን ሊጨቃጨቅ። ግቡ ፊት ከተሰመረው ቅስት ውጭ ሆኖ ኳሷን ከአግዳሚው በላይ የላከ ሁለት ነጥብ ያገኛል የሚለውን አዲሱን ሕግ ሲራገም ዋለ። “ከቅስቱ ውጭ ስለመታት ብቻ ሁለት ነጥብ? በእኛ ጊዜ አንድ ነጥብ አንድ ነጥብ ነበር!”

“በእናንተ ጊዜ ኳሱም ድንጋይ ነበር” አልኩት። ሳቀ።

ኮልም ጉልበቱ ላይ በረዶ አስሮ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። ልጄ ሠላሳ አራት ሞላው፤ ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው ብሏል። አሠልጣኙ ዴክላን ከተቀያሪዎች ጋር አስቀምጦታል። ያስገባው ይሆን? አልጠይቅም። እኔ የክለቡ ፀሐፊ ነኝ፣ ሥራዬ ወረቀት ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ስህተት አልተገኘብኝም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 28

አሸነፍን!! በአንድ ነጥብ! ኮልም... የኔ ኮልም!

ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው፣ በአንድ ነጥብ እየተመራን፣ ዴክላን “ኑአላ፣ ኮልምን ጻፊው!” ብሎ ጮኸ። ስሙን ቅያሪ ወረቀቷ ላይ ጻፍኩ። ወረቀቷን ለዳኛው ይዞ እያነከሰ ገባ። የክሎንራ ደጋፊዎች “ሽማግሌው! ምርኩዝህን ረሳህ!” እያሉ ሲያላግጡበት... ከቅስቱ ውጭ ሆኖ በዚያ በደህናው እግሩ ለቀቃት። ከአግዳሚው በላይ። ሁለት ነጥብ።

ድምፄ ተዘግቷል። ቢዘጋስ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 29

አምላኬ።

ካፖርቴን ልሰቅል ኪሱን ባዶ ሳደርግ የቅያሪ ወረቀቶቹ ቀሪ ወጣ። ለፋይል ብዬ ቆጠርኩ። ስድስት። ደግሜ ቆጠርኩ። ስድስት! የሚፈቀደው አምስት ነው።

እንዴት? ገባኝ። ተጫዋቻችን ሮናን አፍንጫው ሲደማ በምትኩ ሰው ገባ። የደማው ሰው ከተመለሰ ያ ቅያሪ አይቆጠርም፤ ካልተመለሰ ይቆጠራል። ሮናን ደግሞ ሆስፒታል ነው የሄደው፣ አፍንጫው ተሰብሮ! ስለዚህ አምስቱን ቅያሪ ጨርሰን ነበር። ኮልም ስድስተኛ ነው።

ይህን ሕግ እኔ እኮ ለሌላ ሰው የማስተምር ነኝ። ግን “ኮልምን ጻፊው” ሲለኝ ፀሐፊ አልነበርኩም... እናት ነበርኩ።

የተሸነፈው ክለብ እስከ ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ተቃውሞ ማስገባት ይችላል። ካስገባ ጨዋታው ለእነሱ ይሰጣል፤ የልጄ የመጨረሻ ዓመት በእናቱ እጅ አበቃ ማለት ነው። ተቃውሞው ላይ የሚፈርመው ፀሐፊያቸው ነው። ፊንታን። ሽማግሌው ፊንታን ሕጉን እንደ አባታችን ሆይ በቃላቸው የሚወጡት ሰውዬ። አለቀልኝ።

ከሰዓት ጃርላት ሱቅ መጣ። የክሎንራ ክለብ ሊቀመንበር፣ የምክር ቤት አባል። በጁን ምርጫ አለበት፣ የእኛም መንደር ድምፅ ያስፈልገዋል። አንድ ጓንት ገዝቶ አርባ ደቂቃ ቆመ።

“እንኳን ደስ ያላችሁ! የኮልም ምት እኮ... ውይ!” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “የእኛ ሰዎች ግን ያጉረመርማሉ። አንድ ነገር ፈልግ እያሉ ወጥረውኛል።”

“ምን ነገር?” አልኩ።

“ምንም። ያው ቆጭቷቸው ነው። ፊንታን ካገኘ ያግኝ፤ እኔ ተቃወምም አትቃወምም አላልኩትም።”

ሎርካን ከኋላው፣ “ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ ጃርላት!” ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። እንዴት እንደሳቅኩ እንጃ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 30

እህል አልወርድ አለኝ። ኮልም እያፏጨ ወጣ፣ እያፏጨ ገባ። መንገድ ላይ መኪና እያቆሙ እጁን ይጨብጡታል።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ዝም አይነቅዝም ይላሉ... የኔው ዝምታ ግን ሆዴ ውስጥ እየነቀዘ ነው። ከስልክ ጋር ተፋጥጬ ዋልኩ። ከክሎንራ የመጣ ነገር የለም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 1

ለፊንታን ልነግራቸው ቆረጥኩ። ይምጣ የመጣው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁን ዘግቼ፣ ቀሪዎቹን ይዤ በአሮጌው ድልድይ ወንዙን ተሻግሬ ቤታቸው ሄድኩ።

“ግቢ፣ ግቢ፣ ዝናቡ ሳይደበድብሽ” አሉኝ ፊንታን።

“አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር...”

“ሻይ ሳትጠጪ?”

ሻይ። ዘቢብ ያለበት ዳቦ። ቅቤ። አፌን ስከፍት፣ “ያቺን ጥቁሯን ላሜን አይተሻታል? ነይ ላሳይሽ” ብለው በጭቃው ወደ በረት ወሰዱኝ። ላሟን አየሁ። ላሟም አየችኝ። ተመለስን። “ስለ እሑዱ ጨዋታ...” ስል፣ “ተይኝ እስቲ! ይልቅ ስለ አዲሱ ድልድይ ልንገርሽ” አሉ። ጃርላት በአራት ምርጫ አራት ጊዜ ቃል የገባውን ድልድይ፣ ከአንደኛው ምርጫ ጀምረው፣ አንድም ሳይዘሉ። ቀጥለው ስለ አዲሱ ሕግ። ቀጥለው ስለ አጥንታቸው። እርጅና ነው፣ ብቸኝነት ነው፣ አልኩ በሆዴ። ሳላዝንም ሳልናደድም አልቀረሁም፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው!

“አቶ ፊንታን፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ያድምጡኝ!”

“አንድ ስኒ ልድገምልሽና።”

የግድግዳው ሰዓት አሥራ አንድን መታ፤ የተቃውሞው ጊዜ አበቃ። እስኪጨርስ ጠበቁ። ስኒያቸውን አስቀመጡ፣ ወንበራቸውን ወደኔ ሳቡ።

“በይ። አሁን ንገሪኝ።”

“ያውቃሉ እንዴ?”

“ስድስት። ልጅሽ መስመሩን ሳያልፍ ቆጥሬው ጨርሻለሁ።”

“ታዲያ ለምን...?”

“የእኛው አጥቂ ባዶ ግብ ስቷል። እሱን በየትኛው አንቀጽ ልቃወም?” “በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስድስት አንድ ዋንጫ በተቃውሞ ወስደናል። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግሩም ደብዳቤ ነበር። እስከ ዛሬ አንድ ሰው ስለዚያ ዋንጫ ለልጁ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም፣ ኑአላ።”

አለቀስኩ። ምን ላድርግ።

“አታልቅሽ እንግዲህ። ሌላ ጊዜ ቁጠሪ። ለጃርላት ደግሞ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ሰበብ አግኝቶ ድልድዩ ያልተሠራውም በእኔ ነው ሊል ነው።”

መንገዱን ሁሉ ብቻዬን እየሳቅኩ መጣሁ። እፎይ። እፎይ... ሁለት ሳህን ሾርባ በላሁ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 2

ለኮልም ነገርኩት። ልደብቀው አልቻልኩም። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ።

“ነጥቤን ወሰድሽብኝ እኮ፣ እማዬ” አለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ወጥቶ ሄደ።

እውነቱን ነው። ወሰድኩበት። ባልነግረውስ ኖሮ?

እሑድ፣ ኦክቶበር 5

“ጨው አቀብዪኝ።” ከኮልም ጋር የሦስት ቀኑ ወሬያችን በሙሉ ይኸው ነው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ፍጻሜ። ከዝርዝሩ ጎን አምስት መስመር አስምሬ ገባሁ፤ ሰው በገባ ቁጥር አንዱን እሰርዛለሁ። ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀር አምስቱም ተሰረዙ። ኮልም አልገባም፤ ዴክላን ወጣቶቹን አስቀደመ።

አራት ደቂቃ ቀረ። በአንድ ነጥብ እየተመራን። ሕዝቡ “ኮልም! ኮልም!” ይላል። ዴክላን እንደ እብድ ወደኔ ዞሮ፣ “ጻፊው! ኮልምን ጻፊው!”

“አምስት ገብተዋል” አልኩ።

“ማን ይቆጥራል አሁን!”

ኮልም ጃኬቱን አውልቋል። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። አየኝ... በዚያች ቅጽበት ምን እንደምል እግዚአብሔር ይወቀው፣ እኔ አላውቅም። እሱ ወደ ሜዳው ዞሮ ተቀይረው የገቡትን አምስቱን ልጆች አንድ በአንድ በጣቱ ቆጠረ። ጃኬቱን መልሶ ለበሰ።

“ሞልቷል፣ ዴክላን። እማዬ ልክ ናት።”

መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና እጄን ያዘ። መጨረሻ የያዘኝ መቼ ነበር? ሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ይመስለኛል። ዳኛው እስኪያፏጭ አልለቀቀኝም።

በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። ሰዉ ሁሉ አለቀሰ፣ ሎርካን እንኳ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ እንደነበር ግን የምጽፈው እዚህ ብቻ ነው።