ለፎቶ ስለታሰረው ኬብል

ለተከበራችሁ የማሽን ርክክብ ኮሚቴ አባላት
ባላችሁበት

ከሁሉ አስቀድሞ እንድትረዱልኝ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ማሽኑን ያበላሸችው ሃፊዛ አይደለችም። ይህን ካስቀደምሁ ዘንድ፣ ጤናችሁ እንደምን ሰነበተ? እግራችሁንስ እንዳላመማችሁ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ባለፈው ወር ቡታጅራ ባለው የእንጨት ሥራ ማኅበራችን ሩብ ሰዓት ሙሉ ቆማችሁልናልና።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን የማኅበሩን መዝገብ በፈቃደኝነት የምይዝ ሰው ነኝ። ማሽኑ በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ፣ ከተማሪ ዴስክ የማይበልጥ ሲኤንሲ ነው። ግራና ቀኝ የሚመላለሰው ክንዱ አንድ ቀን ያለ እንከን ይውላል፣ በማግስቱ ይንቀጠቀጥና ቀጥ ይላል። በዚህ ሳቢያ የአንዲት ሙሽራ የአልጋ ራስጌ አበባው ሁለት ጣት ተዛንፎ ወጣ፤ ያን ቀን ማሽኑ ላይ የነበረችው ከእንሴኖ እየተመላለሰች የሠለጠነችው ሃፊዛ ነበረች። እናንተም ማሽኑን ልትፈትሹ መጣችሁ፤ ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥልቅ ፍተሻችሁ አመሰግናለሁ። ክንዱን ከጠረጴዛው መሃል አንድ ስንዝር ወደ ግራ፣ አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ አስኬዳችሁት፤ ሄደ። የወርክሾፑ ሰዎች «ይሄ ማሽን እንግዳ ያከብራል» ብለው ሲስቁ አብራችሁ ሳቃችሁ። እስከ ዳር ይሂድ ያለ አልነበረም። እኔም አላልሁም።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍርዳችሁ ፍጥነት አመሰግናለሁ። ቃለ ጉባኤው «የኦፕሬተሯ ጥንቃቄ ጉድለት» ይላል። ሃፊዛ «ቲቸር፣ እኔን ከሚጠይቁ ማሽኑን ይጠይቁት» ብላኝ ነበር። በማስተማር ዘመኔ ሳልጠይቅ ዜሮ የሰጠሁት ተማሪ የለም፤ በጡረታዬ ጀመርሁ። ከስሞቻችሁ በታች ያለው አራተኛው ፊርማ የእኔ ነው።

ከፈረምሁ በኋላ፣ ከመፈረሜ በፊት ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ሶኬቱን ነቅዬ በመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ላይ ክንዱን ግራና ቀኝ የሚነዳውንና ፊትና ኋላ የሚነዳውን የሁለቱን ሞተሮች መሰኪያ አቀያየርሁ፤ ክፍል የሚረብሸውን ለመለየት ሁለት ተማሪዎችን ቦታ እንደማቀያይር ማለት ነው። አሁንም የቆመው ያው የግራና ቀኙ ክንድ ሆነ። እንግዲህ ሳጥኑም ሃፊዛ የምትልከው ትእዛዝም ንጹሕ ናቸው። ቀጥዬ ለዚያ ሞተር ሌላ ኬብል ዘረጋሁለት፤ ሃያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ተመላለሰ። አሮጌውን መለስሁ፤ በሦስተኛው ቆመ። ሽፋኑን ስገልጥ አንዱ ሽቦ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል፤ ክንዱ መሃል ሲሆን ይነካካል፣ ወደ ቀኝ ዳር ሲሄድ ይላቀቃል።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ፎቶው ነው። ከፍተሻው በፊት፣ ማሽኑን ባስረከባችሁን ዕለት፣ ኬብሉ ተንጠልጥሎ ለፎቶ አያምርም አላችሁ። ሽቦው የተበጠሰው ያን ዕለት በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥርቅም ተደርጎ በታሰረበት ቦታ ላይ ነው። ያሰርሁት እኔ ነኝ። ፎቶውን ብታዩት ከጫፉ ላይ እጄ ይታያል።

ሃፊዛ ዛሬም ጥግ ቆማ በብርጭቆ ወረቀት የሌሎችን ሥራ ታለሰልሳለች፤ ማኅበሩም በቃለ ጉባኤያችን መሠረት ስሟን ለመሰረዝ ሰኞ ይሰበሰባል። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። «ወረቀቱስ?» አለችኝ። ወረቀቱ፣ ማለትም ቃለ ጉባኤው፣ በማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነውና ይህንም ደብዳቤ ከአጠገቡ ለጥፌዋለሁ። የምለምናችሁ፣ ቃለ ጉባኤው ታርሞ የእርሷ ስም ባለበት የእኔ ስም እንዲገባ ነው። እባካችሁ እስከ ዓርብ መልስ ስጡኝ።

ሳይጠይቅ በመፈረም የእናንተን ያህል የተካነው፣ ክብራችሁን ለመጠበቅ ሲል የራሱን የጣለው አራተኛው ፈራሚያችሁ፣
ወልደማርያም በኃይሉ
ጡረተኛ መምህር፣ ቡታጅራ

ማስታወሻ፦ ለማየት ከመጣችሁ ካሜራ መያዝ አያስፈልጋችሁም። አዲሱ ኬብል ይንጠለጠላል፤ ለፎቶ አያምርም። ማሽኑ ግን እስከ ዳር ይሄዳል።